ከመቅደሱ ጎን ያለው ባዶ ቦታ

ጃፓን ውስጥ በማለዳ ባቡር ከናጎያ ተነስቶ፣ የኢሴን መቅደስ ተሳልሞ ማታ መመለስ ይቻላል። ጥያቄው ያቺ ቀን የት የት ትዋል ነው።

በወጉ መሠረት መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ውጪው መቅደስ፣ ወደ ጌኩ ነው። እዚያ የምትመለከው ቶዮውኬ የምግብ አምላክ ናት፤ በውስጠኛው መቅደስ፣ በናይኩ፣ ለምትመለከው ለፀሐይዋ አምላክ ለአማተራሱ ጠዋትና ማታ ማዕድ የሚቀርበው በጌኩ ነው። በአስጎብኚ የተመራው የእኛ ጉዞ ግን ጌኩን ዘልሎ በቀጥታ ናይኩ ገባ። ይህ ጥድፊያ ያስቆጨኛል። መጋቢዋን ሳይሳለሙ ወደ እመቤቲቱ መግባት ከሥርዓቱ ግማሹን ማጉደል ነው።

በናይኩ ከኡጂ ድልድይ ወዲያ ያለው ደን ዝም ያሰኛል። ሰው በኢሱዙ ወንዝ ዳር እጁን ይታጠባል፣ ደረጃውን ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይሰግዳል፣ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባል፣ አንዴ ደግሞ ይሰግዳል። እዚያ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ከአጥሮቹ በላይ የሚታየው የሣር ክዳኑ ብቻ ነው።

አብሮን የነበረ አንድ መንገደኛ መቅደሱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2013 መሆኑን ሲሰማ «ታዲያ ጥንታዊነቱ ምኑ ላይ ነው?» አለ። መልሱ አጠገባችን ነበር፦ ጠጠር የተነጠፈበት፣ ከመቅደሱ ቅጥር ጋር እኩል የሆነ ባዶ ቦታ። ከ690 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ የእርስ በርስ ጦርነት ከመቶ ዓመት በላይ ካቋረጠው ዘመን በቀር፣ መቅደሱ በየጊዜው ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እየተዛወረ እንደ አዲስ ይሠራል። ዛሬ ልማዱ በየ20 ዓመቱ ነው፤ የ2013ቱ 62ኛው ነበር። በአንዱ ግንባታ እንጨት ሲያቀብል የነበረ ወጣት አናጢ በሚቀጥለው ራሱ ይሠራል፣ በሦስተኛው ያስተምራል። አሮጌው እንጨትም አይጣልም፤ በኡጂ ድልድይ ጫፍና ጫፍ የቆሙት በሮች የቀድሞው መቅደስ ዓምዶች ነበሩ። በመቅደሱ ደን ደግሞ ከ1920ዎቹ ወዲህ ከ200 ዓመት በኋላ ለሚቆረጡ የሂኖኪ ዛፎች እንክብካቤ ይደረጋል። ተካዩ የማያየውን ግንባታ እያሰበ ይተክላል። ከዚህ የበለጠ ጥንታዊነት እኔ አላውቅም።

አስጎብኚያችን ግን ለዚያ ቦታ የሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ረጅሙ ሰዓት ያለፈው ከመቅደሱ አቅራቢያ ባለው የገበያ መንደር ነበር። ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ጌኩ ይካተታል ወይ? ከባዶው ቦታ ፊት ለመቆም በቂ ጊዜ አለ ወይ? ቀጣዩ ዝውውር በ2033 ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሄድ ሰው መቅደሱን የሚያገኘው በዚሁ ባዶ ቦታ ላይ ነው።