መርከብ ጠባቂዎቹ

ሥልጠናው የተካሄደው ጋምቤላ ከተማ፣ ከባሮ ድልድይ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ርዕሱ «የሥራ ፈጠራ ክህሎት» ይላል። ሠላሳ የሚሆኑ ሠልጣኞች ከጀዊ የስደተኞች መጠለያ፣ 18 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጭነው መጥተዋል። ሻይ የሚሸጡ፣ ልብስ የሚሰፉ፣ ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉ፣ ፀጉር የሚሠሩ... ባለቤቱም፣ ሠራተኛውም፣ ገንዘብ ያዡም፣ ዘበኛውም ራሳቸው የሆኑ ሰዎች። እኔስ እዚያ ምን አደርግ ነበር? ፕሮጀክተር አከራይቼ ነው። የምስክር ወረቀቱንም ያተምኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ «አንተስ?» እንዳትሉኝ ነው።

አሠልጣኙ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ «ራዕያችሁ ምንድን ነው?» ይላል። ስለ ቢዝነስ ፕላን አስረዳ፣ ስለ ጠንካራና ደካማ ጎን አስረዳ፣ በባዶ እጃቸው ተነስተው ሚሊየነር ስለሆኑ የውጭ ሰዎች አወራ። በሁለተኛው ቀን ከኋላ ወንበር አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ። በኑዌርኛ ተናገሩ፤ አንድ ወጣት ተረጎመው።

«ስኳሩን የምገዛው ዛሬ ነው። ነገ ስንት ሰው ሻይ ሊጠጣ እንደሚመጣ በምን አውቃለሁ?»

አዳራሹ ሳቀ። አሠልጣኙም ፈገግ ብሎ «እናቴ፣ እሱ የገበያ ጥናት ይባላል፤ ነገ እንመጣበታለን» አለ። ነገ አልመጣበትም። ነገ የፎቶግራፍና የምስክር ወረቀት ቀን ነበር።

እኔን ግን ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም። በሦስቱ ቀን ከተነገረው ሁሉ ቁም ነገር የነበራት እሷ ብቻ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ብቻውን ለሚነግድ ሰው ትልቁ ጥያቄ «ካፒታል ከየት ላግኝ?» አይደለም። «ዛሬ የገዛኝ ሰው ነገም ይመጣል ወይ?» ነው። እኛ ግን ይህን ትተን መርከብ መጠበቅ ነው የምናስተምረው።

መርከብ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ጋምቤላ እኮ የወደብ ከተማ ነበረች! በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት እንግሊዞች በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከራዩ። የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በዚህ በኩል በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ጀመር። ታዲያ ባሮ መርከብ የሚሸከመው ክረምት ላይ ሲሞላ ብቻ ነው። ውሃው ሲሞላ መርከብ ይመጣል፤ ተሸካሚው ሥራ ያገኛል፣ ነጋዴው ይሸጣል፣ ከተማዋ ትደምቃለች። ውሃው ሲጎድል ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ ነው። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የኪራይ ውሉም አከተመ። ያ ንግድም እንደ ድሮው አልተመለሰም። መርከብ የመጠበቁ አመል ግን ከእኛ ጋር ቀረ።

ዛሬ መርከቡ ስሙ ተቀይሯል። «ፕሮጀክት» ይባላል፣ «ጨረታ» ይባላል፣ «መቋቋሚያ ድጋፍ» ይባላል። ይመጣል፣ ያራግፋል፣ ይሄዳል። ለአሥር ሴቶች አሥር የስፌት መኪና ይሰጣል። መኪናው መልካም ነገር ነው፤ ሰጪውንም እግዜር ይስጠው። ግን አንድ ሠፈር ውስጥ በአንድ ጠዋት አሥር ልብስ ሰፊ ሲፈጠር፣ አሥር ልብስ የሚያሰፋ ሰው ማን ፈጠረ? በሦስተኛው ወር ከአሥሩ መኪና ስንቱ ተሸጠ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሪፖርቱ የሚጻፈው መኪናው በተሰጠ ዕለት ነዋ!

ሌላውን ብቻ አልወቅስም። እኔም መርከብ ጠብቄ አውቃለሁ። ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ። አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅርና፣ ትልቅ የሕትመት ሥራ ሰጠኝ። ከደስታዬ ብዛት ማሽኔን በሙሉ ለእሱ አዋልኩት። ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡትን እናቶች «ነገ ኑ» አልኩ። ተማሪዎቹን «ወረቀት የለም» ብዬ መለስኩ። ሥራው በሦስት ሳምንት አለቀ። ክፍያውስ? «አንድ ፊርማ ይቀረዋል»፣ «ኃላፊው ፊልድ ወጥተዋል»፣ «በጀት ተዘግቷል»... ስምንት ወር! ብሩ ሲመጣ ለወረቀት የተበደርኩትን ከፈልኩበትና የቀረኝ ለወሬ የማይበቃ ሆነ። ደንበኞቼ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ካለው ልጅ ጋር ተላምደው ቆዩኝ። ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል፤ ሰላምታ ደግሞ ኪራይ አይከፍልም።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ወጪ ቀጠሮ አክባሪ ነው። የቤት ኪራይ ወር በገባ በአንደኛው ቀን በር ያንኳኳል። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ መብራት፣ አስቤዛ... አንዳቸውም «ፊርማ ይቀረናል» ብለው አያውቁም። ወጪ በቀጠሮ እየመጣ ገቢ በዕድል የሚመጣ ከሆነ፣ ሰውየው ነጋዴ ሳይሆን ሎተሪ ቆራጭ ነው። ስለዚህ ገቢም ቀጠሮ ይግባ! አልኩና ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤትና ሱቅ እየዞርኩ «ማሽናችሁ ሲበላሽ አትጥሩኝ፤ እኔ በየወሩ እየመጣሁ ልየው፤ በወር ትንሽ ትንሽ ክፈሉኝ» አልኳቸው። ገሚሶቹ «ላልተበላሸ ነገር ደግሞ ምን በወጣን ነው የምንከፍልህ?» ብለው ሳቁብኝ። አራቱ ተስማሙ።

ከአራቱ የማገኛት ብር ከዚያ ትልቅ የሕትመት ሥራ ጋር ስትተያይ ኢምንት ናት። ግን የቤት ኪራዬን ትከፍላለች። የቤት ኪራዩ የተከፈለለት ሰው ደግሞ ትልቅ ሥራ ይዞ የመጣን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ «ግማሹን ቅድሚያ ክፈል፤ አለዚያ አልሠራም» ማለት ይችላል። ቋሚ ገቢ ሀብታም አያደርግም። «እምቢ» ማለትን ግን ያስችላል። ለብቸኛ ነጋዴ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ካፒታል ያለ አይመስለኝም።

«ይሄ ወርሃዊ ክፍያ የምትለው የሠለጠነ አገር ነገር ነው፤ ድሃ ምን ኮንትራት ያውቃል?» የሚሉኝ አሉ። ኧረ ይተዉን! አዶቢ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የፎቶና የሕትመት ሶፍትዌሩን አንድ ጊዜ ሸጦ መገላገሉን ትቶ ወደ ወርሃዊ ክፍያ የዞረው በ2005 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2013) ነው። ዓለም ጉድ አለ። የአዲስ አበባ ወተት ሻጮች ግን ከዚያ በፊት ስንት ዘመን በኮንትራት ወተት ሲያመላልሱ ኖረዋል? ጠዋት በር ላይ ወተት ያደርሳሉ፣ በደብተር ይጽፋሉ፣ ወር ሲሞላ ሂሳብ ይቀበላሉ። እንጀራም እንዲሁ ነው። እቁባችንስ ቢሆን በቀጠሮ የሚከፈል ገንዘብ ላይ የቆመ አይደለም እንዴ? ዕውቀቱ እጃችን ላይ አለ። አዳራሽ ገብተን ፕሮጀክተር ሲበራ ነው የሚጠፋብን።

ድሃማ እንዲያውም ከሁሉም የታመነ ደንበኛ ነው። ሀብታም ስኳር በኩንታል ገዝቶ ወር ሙሉ ይጠፋል። ድሃ በሻይ ብርጭቆ እየተሰፈረለት በየቀኑ ይመጣል። እኚያ የጀዊ እናት ለጥያቄያቸው መልስ ማግኘት ነበረባቸው፤ መልሱም ያን ያህል ሩቅ አልነበረም። በየቀኑ የሚመጡትን ሰዎች መቁጠር። «የአሥር ሻይ ሒሳብ አስቀድሞ ለከፈለኝ አንድ ምራቂ አለው» ማለት። በዚያችው ገንዘብ የሳምንቱን ስኳር አንድ ጊዜ መግዛት። ያን ጊዜ ነገ ስንት ሰው እንደሚመጣ ባያውቁም፣ ስንት ሰው እንደከፈለ ያውቃሉ። ለዚህ ሦስት ቀን አይፈልግም፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። አበል ግን አያስገኝም። እሱ ነው እንግዲህ ችግሩ!

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ይህ ብቻውን አይበቃም። «ጠንክረህ ሥራ፣ ደንበኛ ያዝ፣ ሁሉም ይስተካከላል» ብዬ ብሄድ እኔም ከዚያ አሠልጣኝ አልሻልም። ጀዊ እንዴት እንደተመሠረተ እናስታውስ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ድንበር ተሻግረው ሌችዎር ላይ ሰፍረው የነበሩ ሰዎች፣ በቀጣዩ ክረምት ጎርፍ አጥለቀለቃቸው። ጀዊ በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው በተለይ ለእነሱ ነው። ሌችዎር ላይ ሻይ ትሸጥ የነበረች ሴት ደንበኞቿን አንዴ ጦርነት፣ አንዴ ጎርፍ በትኖባታል ማለት ነው። ዛሬ ጀዊ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይኖራል፤ ትንሽ ከተማ በሉት። ገበያም አለው። ግን የዚህ ገበያ ገንዘብ በአብዛኛው የሚቀዳው ከአንድ ጉድጓድ ነው፤ ከራሽን። ሰው ከራሽኑ ላይ ጥቂት ሸጦ ወፍጮ ይከፍላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. ለስደተኞች የሚሰጠው የምግብ ዕርዳታ ጭራሽ ቆመ። ከመንገድ ላይ ዕርዳታ የሰረቁት ሌሎች፣ የተራቡት ሌሎች። ሥርጭቱ እንደገና የጀመረው በ2016 ዓ.ም. መባቻ ነው። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገንዘብ አጠረኝ ብሎ በኢትዮጵያ ላሉ 780 ሺህ ስደተኞች ይሰጥ የነበረውን ራሽን ከ60 በመቶ ወደ 40 በመቶ አወረደው። ራሽን ሲቀነስ የሚራበው ተቀባዩ ብቻ አይደለም። የባለ ሻይዋም የዱቤ ደብተር ባዶ ወረቀት ይሆናል። ደንበኞቿ ሁሉ ከአንድ ጉድጓድ የሚቀዱ ከሆነ፣ ሃምሳ ደንበኛ አላት ማለት አንድ ደንበኛ አላት ማለት ነው።

ስለዚህ ቋሚ ገቢ የሚባለው ተመላላሽ ሲሆን ብቻ ሳይሆን ከተለያየ ኪስ ሲመጣም ነው። ከራሽን ውጭ ገቢ ያለው አስተማሪ፣ ሾፌር፣ ከብት ነጋዴ፣ የአካባቢው ገበሬ ከደንበኞቹ መሃል መኖር አለበት። ለዚህ ደግሞ ሰውየው ከመጠለያው ወጥቶ መነገድ መቻል አለበት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኛ ሠርቶ እንዲኖር መብት ሰጥቷል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ሕጉ ብቸኛውን ሠራተኛ አውቆታል፤ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ነው ገና ያላወቀው። ሻይ ሻጭን «ተደራጅተሽ ነይ» ብሎ መመለስ ምን የሚሉት ነው? አሥር ሆነው አንድ ጀበና ሊይዙ ነው?

ለድርጅቶቹና ለመሥሪያ ቤቶቹም አንድ ቃል አለኝ። ብቸኛ ነጋዴን መርዳት ከፈለጋችሁ ዕቃ አትስጡት፤ ግዙት! ለስብሰባችሁ ሻይና ዳቦ፣ ለቢሯችሁ ጽዳት፣ ለተማሪዎቻችሁ የደንብ ልብስ ዓመቱን ሙሉ ትፈልጋላችሁ። አንዱን ትልቅ ጨረታ በየሳምንቱ ሸንሽናችሁ ከጀዊም ከከተማውም ግዙ። በሰባት ቀንም ክፈሉ። በጊዜ የተከፈለ ትንሽ ብር ዘግይቶ ከመጣ ትልቅ ብር ይበልጣል። ይህን የስምንት ወር ተማሪ ሆኜ ነው የምነግራችሁ።

ለእኛ ለራሳችንም አለኝ። አንድ ትልቅ ሥራ ሲመጣ የዕለት ደንበኛውን የሚገፋ ሰው፣ ኋላ ቢከስር ማንንም አይክሰስ። ደግሞም ብቸኛ ነጋዴ ሰውነቱ ሱቁ ነው። ጋምቤላ ውስጥ ወባ የሚይዘው ሰውየውን ብቻ አይደለም፤ ሱቁንም አብሮ ያስተኛዋል። ጎን ለጎን ሻይ የሚሸጡ ሁለት ሴቶች «የታመመች ቀን ሌላዋ ደንበኛዋን ታስተናግድላታለች» ብለው ቢስማሙ፣ ይህን ያህል የሚያዋጣ ኢንሹራንስ ከየት ይመጣል? ተፎካካሪ ሆኖ መተዛዘል ያስፈልጋል።

በቀደም ለጥገና ወደ ጀዊ ብቅ ብዬ እኚያን እናት አገኘኋቸው። «ማሌ» አልኳቸው፤ በኑዌርኛ የማውቃት ሰላምታ እሷው ናት። ሻይ ቀዱልኝ። የምስክር ወረቀታቸው፣ ያው እኔ ያተምኩት፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሸራው ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። ዛሬ ስንት ሰው እንደሚመጣ ያውቁ እንደሆነ በልጃቸው አስጠየቅኳቸው። ትከሻቸውን ነቅንቀው ሳቁ። የሻዬን ሒሳብ ከፈልኩ። ከዚያ ደግሞ ወደ ጀዊ ስመላለስ ለምጠጣቸው አሥር ሻይ ቅድሚያ ሰጠሁና በልጁ ደብተር ላይ እንዲጻፍልኝ አደረግሁ። እሳቸውም ምራቂዋን እዚያው ቀዱልኝ።

ትልቅ ነገር አይደለም፤ አሥር ሻይ ነው። ግን የሚቀጥለውን መርከብ ስንጠብቅ ከምናረጅ፣ እያንዳንዳችን የአንድ ሰው አሥር ሻይ ብንሆን አይሻልም ትላላችሁ?