ሊያስተምር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ይማር

ወንጌልን ለመስበክ ወይም ድውያንን ለመርዳት ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው የዚያን አገር ቋንቋ መማር አለበት። ይህን የማይቀበል የለም። ብዙዎች ግን ቋንቋን በአገራቸው ሳሉ ከአንድ መምህርና ከአንድ መጽሐፍ ተምረው የሚጨርሱት ይመስላቸዋል፤ ስንቅ ተቋጥሮ እንደሚያዝ ቋንቋም በከረጢት ተይዞ የሚሄድ ይመስላቸዋል። ይህ አሳብ ስሕተት ነው። መጽሐፍ መንገዱን ያሳያል፤ ከቤቱ የሚያደርሱት ግን በቋንቋው የሚናገሩት ሰዎች ናቸው።

በሐረር የጀጎልን ከተማ ያየ ሰው ይህን በቶሎ ያስተውላል። ጀጎል በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያሠራው የድንጋይ ግንብ ነው፤ የጥንት በሮቹም አምስት ናቸው። እያንዳንዱ በር ከአንድ የበለጠ ስም አለው። በአማርኛ ሸዋ በር የሚባለውን የከተማው ተወላጅ አስማዲን በሪ ይለዋል፤ ቡዳ በር የሚባለውንም በድሮ በሪ ይለዋል። በግንቡ ውስጥ በየቤቱ የሚነገረው ጌይ ሲናን ነው፤ ትርጓሜውም የከተማ ቋንቋ ማለት ነው። ከገጠር እንጨትና አትክልት ይዘው በማለዳ የሚገቡት ሴቶች ኦሮምኛ ይናገራሉ። በገበያው ሶማልኛ ይሰማል፤ በመስጊድ ዐረብኛ ይነበባል፤ አማርኛም በየስፍራው አለ። እንግዲህ ከባሕር ማዶ አንድ ቋንቋ ብቻ አጥንቶ የመጣ እንግዳ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ሳይወጣ ዲዳ ይሆናል። በዚያው ገበያ የምትሸጥ ሴት ግን የሰዋስው መጽሐፍ ሳትገልጥ ከገዢው ሁሉ ጋር ትግባባለች። ለእንግዳው ከእርስዋ የተሻለ መምህር ከወዴት ይገኛል?

የካቶሊክ ካፑቺን መነኮሳት ወደ ሐረር የገቡት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1881 ዓ.ም. ግብጾች ከተማይቱን ይዘው ሳሉ ነው። (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው።) ከእነርሱ አስቀድመው በኦሮሞ አገር ያስተማሩት ኢጣልያዊው አባ ማስያስ ለሚስዮናውያን መማሪያ የሚሆን የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በላቲን ቋንቋ ጽፈው በ1867 ዓ.ም. በፓሪስ አሳትመው ነበር። በአውሮፓ ሆኖ ለሚዘጋጅ ተማሪ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ መጽሐፉን የሚንቅ ሰው ሰነፍ ነው። ነገር ግን አባ ማስያስ ራሳቸው እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይዘው አልመጡም። በ1852 ዓ.ም. ወደ ኦሮሞ አገር ገብተው ከሰዎቹ ጋር ብዙ ዓመት ከኖሩ በኋላ ጻፉት። ሰዋስዉ ከአገሩ ሰዎች አፍ የተለቀመ ነውና፥ ያጠናው ሁሉ ደግሞ ወደዚያው ምንጭ መውረድ ይገባዋል። ይህ ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ አሉ። ሳይሰሙ መናገር ግን ከዚህ የበለጠ ጊዜ ያባክናል።

ከዚያም በፊት የእስፓንያው ተወላጅ ፔድሮ ፓኤዝ ነበረ። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ በመንገድ ተማርኮ ሰባት ዓመት ያህል በየመን ተያዘ፤ በምርኮውም ዐረብኛ ተማረ። በ1603 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ አማርኛንና ግእዝን አጠና፤ ነገሥታቱም ሰሙት። በ1622 ዓ.ም. ሞተ። ከእርሱ በኋላ በ1625 ዓ.ም. የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን የሕዝቡን ሥርዓት በችኮላ ሊለውጥ ተነሣ። ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ዐፄ ፋሲልም በነገሡ ጊዜ እርሱንና ጓደኞቹን ከአገር አስወጡ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው የኦነሲሞስ ነሲብ ነገር ነው። ኦነሲሞስ የኦሮሞ ልጅ ነበረ፤ የመጀመሪያ ስሙም ሂካ ነው። በሕፃንነቱ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ፤ ከእጅ ወደ እጅም እያለፈ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ዓ.ም. ነፃ ወጥቶ በስዊድን ሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ገባ። እነርሱም በ1876 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ላኩት፤ በስቶክሆልም አጠገብ በዮሐንስሉንድ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተምሮ ለወንጌል አገልግሎት ተዘጋጀ። ከምጽዋ ሙቀት ለሄደ ሰው የስዊድን ክረምት ቀላል አይደለም፤ ቋንቋውም እንዲሁ ነው። እርሱ ግን ሁለቱንም ቻለ።

ተመልሶ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጐም በተነሣ ጊዜ ያስቸገረው የገዛ እናቱ ቋንቋ ሆነ። ከወገኖቹ የተለየው ገና ሕፃን ሳለ ነውና ብዙውን ቃል አያውቀውም ነበር። በስዊድን ያሉት መምህራን ሁሉ ይህን ሊሞሉለት አይችሉም። የሞላችለት አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ናት። እርስዋም ለባርነት ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ በ1886 ዓ.ም. ነፃ ወጥታ በምጽዋ አጠገብ ወዳለው ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት የመጣች ነበረች፤ የወገኖችዋን ቋንቋ ግን አልረሳችም። ብዙ ሺህ ቃል ሰበሰበችለት። በአውሮፓ የተማረው ሰው ከትናንት ምርኮኛ ቃል ሲለምን አላፈረም፤ ለዚህ ሥራ ከተቀበለው ዝግጅት ሁሉ ይህ ትሕትና ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አዲስ ኪዳን በ1893 ዓ.ም. በእምኩሉ ታተመ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ዓ.ም. በስዊስ አገር ታተመ። በመካከሉ በ1894 ዓ.ም. ንባብ ለሚጀምሩ ልጆች የኦሮምኛ መጽሐፍ ወጣ። አስቴር በልጅነትዋ የሰማችውን ተረትና ዘፈን በቃልዋ ይዛ ኖራ ስለ ጻፈችው፥ ልጆቹ ማንበብ የተማሩት በእናቶቻቸው ተረት ነው።