በሜትር የማይለካው

ልጄ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ካየ ወዲህ «ዕጩ መኮንን እሆናለሁ» ብሎ ቆርጧል። ባለፈው ሳምንት ከቤቴል ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄደው ታክሲ ውስጥ «እማዬ፣ ቁመቴ ይበቃ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። «እግዜር ያውቃል» አልኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በልቤ ቁመቱም ውጤቱም አንሶ በመለሱልኝ እል ነበር። እምቢ የማለቱን ሥራ ለመዝጋቢዎቹ ትቼላቸው ነበር።

ማታ ማታ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀመርኩ። በአሜሪካው የዌስት ፖይንት ጦር አካዳሚ 11,258 ዕጩ መኮንኖችን የተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አለ። የመግቢያ ፈተና፣ ማን በክፍል ትምህርቱ ጥሩ ነጥብ እንደሚያመጣ በደንብ ይጠቁማል። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ከባድ ሥልጠና ማን ሳያቋርጥ እንደሚጨርስ ከሁሉም በላይ የጠቆመው ግን ጽናት ነው። በአራት ዓመት ለመመረቅም ጽናትና የአካል ብቃት ከፈተናው ይበልጥ ተናግረዋል።

የእኛው የሆለታ ጦር ትምህርት ቤትም በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት ሲከፈት፣ የገቡት ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ ወጣቶች ነበሩ። ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ ጣሊያን ወረረ። አዲስ አበባ በ1928 ዓ.ም. ስትያዝ ከእነሱ መካከል ወደ ወለጋ ሄደው በጥቁር አንበሳ ማኅበር ሥር ትግሉን የቀጠሉ ነበሩ። ሲመዘገቡ ይህን የለካ ሜትር አልነበረም።

ታዲያ የልጄን ጽናት ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? 9ኛ ክፍል በሒሳብ ወድቆ፣ ክረምቱን ሙሉ ማንም ሳይቀሰቅሰው ከጎረቤት ልጅ ጋር ያጠና ነው። አባቱ ታሞ በተኛበት ስምንት ወር፣ ሌሊት እየተነሳ ያገላብጠው የነበረውም እሱ ነው።

እሑድ ቡና ላይ ነገርኩት። «የፈራሁት እንዳትወድቅ አይደለም። እንደምታልፍ ስላወቅኩ ነው የፈራሁት።»

ስኒውን ይዞ ዝም አለ። ቆይቶ «ታዲያ ልቅር?» አለኝ።

«እሱን አንተ ወስን። እኔ ግን ሰው እንዲመልስህ ከእንግዲህ አልጸልይም።»

ወላጆች፣ አያቶች፣ ልጃችሁ እንዲህ ያለ መንገድ ሲመርጥ «አትችልም» ለማለት አትቸኩሉ። ፍርሃታችሁን ፍርሃት ብላችሁ ንገሩት። ብርታቱን ካያችሁበትም አትደብቁት፤ እሱን የሚጽፍ የምዝገባ ቅጽ የለም።