ለተሸከመችው ሴት ምን ይከፈላታል?



በቅርቡ ከአንድ የቤት ለቤት ኅብረት በኋላ፣ ሌላው ሰው ሲወጣ በካሊፎርኒያ የሚኖሩ ባልና ሚስት ወደ ኋላ ቀርተው አንድ ጥያቄ ጠየቁን። በትዳር 11 ዓመት ኖረዋል። እህታችን በሕመም ምክንያት ማኅፀኗ ወጥቷል። ሐኪሙ ያሳያቸው መንገድ፣ ከሁለቱ የሆነውን ጽንስ ሌላ ሴት ተሸክማ እንድትወልድላቸው ነው። ሰዉ «ማኅፀን መከራየት» ይለዋል። ጥያቄያቸው ግን «ይፈቀዳል ወይ?» የሚል አልነበረም፤ እርሱን ከመጋቢያቸው ጋር ለረጅም ጊዜ ሲጸልዩበት ቆይተዋል። ያስጨነቃቸው ክፍያው ነው። «ገንዘብ ከሰጠናት ልጅ መግዛት አይሆንብንም? በነጻ የምታደርግልን ክርስቲያን ብናገኝ አይሻልም?»

አብዛኞቻችን ወዲያው «በነጻ ከሆነማ ይሻላል» አልን። ቤታችን ገብተን ስናስበው ግን የገዛ መልሳችን አልዋጥልን አለ። ይህን የምንጽፈው ለዚያ ነው። ስለ ድርጊቱ ራሱ በመካከላችን አንድ ሐሳብ የለም፤ ፈጽሞ አይገባም የሚሉ ወንድሞችም አሉን፣ እናከብራቸዋለን። ዛሬ የምንናገረው ስለ ደመወዙ ብቻ ነው።

የባልና ሚስቱ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። በኒው ጀርሲ ግዛት «ቤቢ ኤም» በሚል ስም የሚታወቅ ክስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 በተፈረመው ውል መሠረት ሴቲቱ ልጁን ስታስረክብ 10,000 ዶላር ይከፈላታል። ጽንሱ ከአምስተኛው ወር በፊት ቢጨነግፍ ምንም አታገኝም። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ሞቶ ቢወለድ 1,000 ዶላር ብቻ ታገኛለች። ያገናኛቸው ድርጅት ደግሞ 7,500 ዶላር ይወስዳል።

እስቲ እነዚህን ቁጥሮች ቆም ብላችሁ ተመልከቷቸው። በስምንተኛው ወር ሕፃኑ ቢሞትባት ማቅለሽለሹ፣ የእግሯ እብጠት፣ ምጧ ሁሉ ያው ነው። ክፍያዋ ግን ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ታዲያ የቀረው 9,000 ዶላር የምን ዋጋ ነበር? የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 ውሉን ሲሽረው ከልጅ ሽያጭ ለይቶ አላየውም። ያች ሴት ደግሞ በእንቁላልም የልጇ እናት ነበረች፤ የዛሬዎቹ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ጽንስ ነው የሚሸከሙት። ቢሆንም ፍርድ ቤቱ ያየውን እኛም እናያለን።

በዚያው በ1985 እንግሊዝ አገር ኪም ኮተን የተባለች ሴት ለሌሎች ልጅ ወልዳ 6,500 ፓውንድ መቀበሏ ሲሰማ አገር ተንጫጫ። ዓመቱ ሳያልቅ በዚህ ነገር ለትርፍ ማገናኘትን የሚከለክል ሕግ ወጣ። እዚያ ምትክ እናት በመርሕ ደረጃ የምትቀበለው ተገቢ ወጪዋን ነው፤ ከዚያ ያለፈ ከተከፈላት ጉዳዩን የሚመረምረው ፍርድ ቤት ነው። ሕንድም በሌላ መንገድ ዞራ ወደዚሁ መጣች። ንግዱ ከ2002 ጀምሮ ተፈቅዶ የጉጃራቷ አናንድ ከተማ በዓለም ታወቀች፤ ሴቶች የእርግዝናውን ወራት ከቤታቸው ርቀው በጋራ ማደሪያ እያሳለፉ ለባዕዳን ሳይቀር ወለዱ። በ2015 ለውጭ አገር ሰዎች ተዘጋ። በ2021 የወጣው ሕግ ደግሞ ለሴቲቱ የሕክምናና መሰል ወጪዎቿን፣ የ36 ወርም ኢንሹራንስ ፈቅዶ ደመወዙን አስቀረ።

ድሃ ሴት እንዳትበዘበዝ ታስቦ ነው፤ ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ሳይከፈለው የሚቀረው ማን እንደሆነ አስተውሉ። ሐኪሙ ይከፈለዋል። ላቦራቶሪው ይከፈለዋል። ጠበቃው ይከፈለዋል። ለፍቅር ብላ ብቻ እንድትሠራ የምትጠየቀው አንዷ ናት፣ ያውም ሕይወቷን ለአደጋ የምትሰጠው። እኛ ምእመናን ይህን አነጋገር አሳምረን እናውቀዋለን። «ለጌታ ነው» እየተባሉ ለዓመታት አዳራሽ የጠረጉ፣ ለጉባኤ ወጥ የሠሩ እናቶች በየአጥቢያችን አሉ፤ የድምፅ ማጉያ ያከራየን ሰውዬ ግን ሒሳቡን በዕለቱ ይቀበላል።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በነጻ የተሸከመች ሴት አለች፤ አጋር ናት። ሣራ በእርስዋ በኩል ልጅ ለማግኘት አሰበች፣ አብርሃም እሺ አለ፣ አጋር ፀነሰች (ዘፍጥረት 16)። ፈቃዷን የጠየቃት የለም። ገንዘብ አልተነካም፤ ነገሩ ግን በዚህ ንጹሕ አልሆነም። ከዓመታት በኋላ ያ ከብትና ብር የሞላበት ቤት ሲያሰናብታት በትከሻዋ ያደረገላት እንጀራና አንድ አቁማዳ ውኃ ነበር (ዘፍጥረት 21)። ይህን ታሪክ ስንሰብክ ስለ አብርሃምና ሣራ አለመታገሥ እንሰብካለን። ስለ አጋር ደመወዝ የሰበከ አገልጋይ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። በምድረ በዳ መጥቶ ከየት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድ የጠየቃት የጌታ መልአክ ነው፤ በጌታዋ ቤት እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው መኖሩን አናነብም።

የሙሴ እናት ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። የፈርዖን ልጅ ሕፃኑን እንድታጠባላት ስትሰጣት ዋጋዋን እንደምትከፍላት ነገረቻት (ዘጸአት 2)፤ ዮካብድም ወሰደችው። ከገዛ ሰውነቷ ለሚወጣ እንክብካቤ ተከፈላት፣ ቃሉም እንደ ነውር አልቆጠረውም። ማጥባትና ማርገዝ አንድ እንዳልሆኑ እናውቃለን። ነገር ግን የተከፈላት ለማጥባቷ ነው እንጂ ለሙሴ አይደለም። የሠራተኛ ደመወዝ አንድ ሌሊት እንኳ በአሠሪው እጅ እንዳያድር ያዘዘ አምላክ (ዘሌዋውያን 19፥13)፣ ዘጠኝ ወር የተሸከመችን ሴት ባዶ እጇን መሸኘት ቅድስና ነው ይለናል ብለን አናምንም።

ስለዚህ ቀደም ብለን የሰጠነውን መልስ መልሰን ወሰድን። «ክፈሏት፤ ግን ገንዘቡ ለምን እንደሚከፈልና መቼ እንደሚከፈል ውሉ ውስጥ ፈልጉ» አልናቸው። በካሊፎርኒያ ውሉ ጽንሱ ወደ ማኅፀን ከመግባቱ በፊት ይፈረማል፤ ለእርስዋም ለእነርሱም የየራሳቸው ጠበቃ ያስፈልጋቸዋል፤ ገንዘቡም ገለልተኛ በሆነ ሰው እጅ ይቀመጣል። ክፍያው ብዙውን ጊዜ በየወሩ ነው። ጠቅላላ ወጪው ብዙ ጊዜ ከ100,000 ዶላር ያልፋል፣ ለሴቲቱ የሚደርሰው ግን ከፊሉ ነው።

አንድ ያልፈታነው ነገር አለ። ትንሽ ከከፈልናት በዘበዝናት፤ ብዙ ከከፈልናት ደግሞ ዕዳ ያለባት ሴት እምቢ ማለት ያቅታታል። በአሜሪካ ብዙ አገናኝ ድርጅቶች በመንግሥት ድጎማ የምትኖር ሴት አይቀበሉም። ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ሙሉውን እኛም አላገኘንም።

ደግሞስ ክፍያ ገንዘብ ብቻ ነው? እኛ አራስ እንጠይቃለን። ገንፎ ይገነፋል፣ አጥሚት ይሠራል፣ ቤቱ በእልልታ ይሞላል። ሕፃኑ ወደ ባልና ሚስቱ ቤት ሲመጣ ኅብረቱ ድስት ድስቱን ይዞ እንደሚጎርፍ አንጠራጠርም። በዚያው ሳምንት በሌላ ቤት ጡቷ ወተት የሞላ፣ እቅፏ ግን ባዶ የሆነ አራስ ትኖራለች። ለእርስዋስ አጥሚት የሚያደርስላት ማን ነው? ይህን ስናነሳ ባልየው አንገቱን ደፋ፤ እኛም ቀድመን አላሰብነውም ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የውሉን ረቂቅ ይዘው መጡ። ሴቲቱ ተገኝታለች፤ የሁለት ልጆች እናት ናት። ወርኃዊው ክፍያ በደንብ ተቀምጧል። መንታ ከሆነ ወይም በቀዶ ሕክምና ከወለደች ተጨማሪ አለ። ጽንሱ ቢጨነግፍ ግን ክፍያው ከዚያ ዕለት ጀምሮ ይቆማል ይላል። እህታችን ማኅፀኗ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ጊዜ አስወርዷታል። አንቀጹን ሁለት ጊዜ አነበበችውና «ከዚያ በኋላ ያለው ወር እኮ ነው የሚከብደው» አለች። የማገገሚያዋ ጊዜም እንዲከፈላት ለጠበቃቸው ጽፈዋል፤ መልሱ ገና አልመጣም። በጸሎታችሁ አስቧቸው፤ ስሟን የማንጽፈውንም ሴት፣ ከሁለቱ ልጆቿ ጋር።