መኪናው ከመሰካቱ በፊት ሽቦው ይታይ



በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በሠፈራችንም የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። የገዛችሁትን እንኳን ደስ ያላችሁ እንላለን። ነገር ግን የመጀመሪያው ሳምንት ስልክን ከመኪናው ጋር በማገናኘትና ወንበር በማስተካከል ያልቃል እንጂ ሶኬቱን የሚያይ የለም። በእኛ አስተያየት መቅደም ያለበት እሱ ነው።

የእንጀራ ምጣድ ብዙ ኃይል ቢስብም ተጋግሮ ሲያበቃ ይጠፋል። መኪና ግን በ10 አምፔር ሶኬት 2 ኪሎዋት ያህል እየሳበ ሌሊቱን ሙሉ ያድራል። ቀጭን ሽቦ፣ የላላ ሶኬትና ማከፋፈያ ይህን አይችሉም፤ ይግላሉ፣ ይቀልጣሉ፣ እሳት ያስነሳሉ። ቤታችን ደግሞ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ነው፤ ያንዱ እሳት የሁላችንም ነው።

ስለዚህ መኪናው በገባ ሳምንት ኤሌክትሪሺያን ተጠርቶ ለመኪናው ብቻ የሚሆን ወፍራም መስመር ከነብሬከሩና ከነመሬት ሽቦው ይዘርጋ። ቆጣሪ የምትጋሩ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ምጣድ በተጣደበት ሰዓት መኪና አይሰካ። ወጪው በዛ የሚል ይኖራል። መኪና የገዛ ሰው ግን ሽቦ አያቅተውም፤ ጎረቤቱም የሚጠይቀው ይህንኑ ብቻ ነው።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት