የየኔታ ትምህርት ቤት በእርሻ ዳር

ባለፈው ወር በምናስተምርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ በተደረገ ጊዜ፣ አንድ አባት ከመካከል ተነሥተው «ይህ መምህር ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ ለማሳው ያደላል» ሲሉ በአንድ ባልደረባችን ላይ ክስ አቀረቡ። ባልደረባችን አራት ልጆች አሉት፤ ከሚስቱ ወገን በደረሰው ጥቂት መሬት ላይ በጠዋትና በሰንበት ዋዜማ ያርሳል። ክፍሉን ዘግቶ የቀረበት ቀን እንደ ሌለ መዝገቡ ይመሰክርለታል፤ ሆኖም ጭቃ የነካውን ጫማውን የሚያይ ሁሉ መዝገብ አይመለከትም። ነገሩ በሽማግሌዎች ቃል በረደ። እኛ ግን ወደ ቤታችን ስንመለስ ልባችን ወደ ሌላ ሰው ሄደ፤ ስለ እርሳቸውም ዛሬ ብናወጋችሁ፣ ውድ አንባቢዎቻችን፣ ቅር እንደማይላችሁ ተስፋ እናደርጋለን።

በጎጃም፣ በዳሞት አገር ፊደል ያስቆጠሩን የኔታ ገበሬ ነበሩ። ስማቸውን አንጠራም፤ በሕይወት ሳሉ መወደስን አይወዱም ነበርና። ገበሬም የሆኑት ወደው ብቻ አልነበረም። ከ1967 ዓ.ም. በፊት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በአገልግሎቱ የሚይዘው መሬት ነበረው፤ ራሱ ማረስ ያልቻለ እንደ ሆነ ለሌላ ሰው አሳርሶ ከምርቱ ይካፈል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ግን መሬቱን ሁሉ የሕዝብ አደረገው፤ የአንድ ቤተ ሰብ ድርሻም ከ10 ሔክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ጉልበት ያለው ሰው መሬቱን በሌላ ሰው እንዳያሳርስም ከለከለ። ቄሱም ደብተራውም እንደ ማንኛውም ጭሰኛ በገበሬ ማኅበር ተመዝግቦ ድርሻውን ተቀበለ። 10 ሔክታር የሚለው ቁጥር በወረቀት የሰፈረ ወሰን ነው እንጂ በእኛ አገር ማን አገኘው? ለየኔታ የደረሳቸው ስድስት ጥማድ ነው። አንድ ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ ውሎ የሚያርሰው ስለ ሆነ፣ አራቱ ወደ 1 ሔክታር ይጠጋል። በዚህ ላይ ሰባት ነፍስ ይኖር ነበር።

ጤፍ የሚዘራ ሰው መሬቱን አንድ ጊዜ ጭሮ አይተወውም፤ ይገምሳል፣ ያይማል፣ ይሠልሳል፣ አንዳንዴም እስከ አምስተኛው ድረስ ይደግመዋል። ታዲያ የ18 ሕፃናት መምህር ይህን ሁሉ መቼ ያደርሳል? የኔታ ያገኙት ብልሃት ትምህርት ቤቱን ወደ እርሻው ማምጣት ነበር። እኛ በማሳው ዳር ካለችው ዋርካ ሥር ተቀምጠን እንጮኻለን፤ ፊደል የሚቆጥረው ፊደሉን፣ አቡጊዳ የጨረሰው መልእክተ ዮሐንስን፣ ከፍ ያለው ዳዊቱን። እርሳቸው እርፉን ይዘው ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ። ወደ እኛ በቀረቡ ቁጥር የአንዱን ንባብ ይሰማሉ፤ መጽሐፍ ሳያዩ፣ በሬውን ሳያቆሙ «ተጣዩን ተነሽ አደረግኸው፤ ድገመው» ብለው ይመለሳሉ። እስከ ማሳው ጫፍ ደርሰው እስኪመጡ ድረስ የሳትነውን ቃል እያነሣን እየጣልን እንጠብቃቸዋለን። 150ው መዝሙር በልባቸው ስለ ነበረ ጆሯቸው ብቻ ይበቃቸው ነበር።

ሌሊት ደግሞ የቃል ትምህርት ነው። ቀን በዓይን የሚነበበው ይነበባል፤ ሌሊት ግን መብራት ስለማያስፈልግ ውዳሴ ማርያሙን እርሳቸው ያስቀጽላሉ፣ እኛ እንቀጽላለን። ትንሿ ሴት ልጃቸው በጋቢያቸው ውስጥ ገብታ እዚያው ትተኛ ነበር። ማንም ሳያስተምራት፣ በአባቷ ደረት ላይ ሆና ስትሰማ ብቻ፣ አምስት ዓመት ሳይሞላት የሰኞውንና የማክሰኞውን በቃሏ ይዛ ተገኘች።

የበኩር ልጃቸው ነገር ግን ሌላ ነበር። እርሱ ከብት ጠባቂ ነው፤ ቀን ከከብቶቹ ጋር ይውላል፤ ማታ እንቅልፍ ይጥለዋል። 13 ዓመት ሲሆነው ከ«ሀ» አልፎ አያውቅም ነበር። አንድ ምሽት ባለቤታቸው፣ ሁላችን እናታችን የምንላቸው፣ ሞሰቡን አንሥተው ሲያበቁ በእኛ ፊት እንዲህ አሏቸው፦ «አንቱ የሰው ልጅ ዲያቆን ያደርጋሉ፤ የራስዎ ልጅ ግን የበሬ ጭራ ሲከተል ጢም ሊያበቅል ነው። ከመምህር ቤት መሃይም ሲወጣ አያፍሩም?» የኔታ ዝም አሉ። በትምህርታቸው ዋጋ ጠይቀው አያውቁም፤ ተማሪ ለጉልበት ሥራ መላክንም ነውር ያደርጉት ነበር። ይህ ትሕትናቸው ለእኛ መልካም ሆኖ ሳለ ዋጋውን የከፈለው ያ ልጅ እንደ ሆነ ያስተዋሉት እናቲቱ ብቻ ነበሩ። የሰው መልካምነት ሒሳቡ በማን ላይ እንደሚወድቅ ከቤት እመቤት ይልቅ የሚያውቅ የለም ብንል እንደፈር ይሆን?

እናታችን በየኔታ ዝምታ አልረኩም። በ21 የእመቤታችን ማኅበር ላይ ጽዋው ከመዞሩ በፊት ነገሩን ለእናቶቻችን ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ የየኔታን ከብት በየቀኑ አንዳችን በተራ እንድንጠብቅ ተወሰነ፤ ተራውም በ18 ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይደርሰናል። ለዚህች ለአንዲት ቀን ስንት አጉረመረምን!

ልጁም መጥቶ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር ተቀመጠ። ጉልበቱ ከአገጩ ይደርሳል፤ ድምፁ መጎርነን ጀምሯል። እኛ ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነን ዳዊት ስለ ጀመርን፣ የእርሱ አስቀጻይ እንድንሆን ታዘዝን። እዚህ ላይ ያደረግነውን ለመጻፍ እጃችን ይከብደዋል። መልእክተ ዮሐንስ በደረሰ ጊዜ፣ ጓደኞቻችንን ለማሳቅ ስንል ወዳቂውን ሰያፍ፣ ሰያፉን ተነሽ እያደረግን ሆን ብለን አሳስተን አስቀጸልነው። እርሱ በሙሉ ልቡ፣ በጎርናና ድምፁ፣ የነገርነውን እንዳለ ተቀበለ። ዋርካው ሥር ሳቅ ሆነ።

የኔታ በሬዎቹን አቆሙ። መጥተውም አጠገቡ ተቀመጡና ንባቡን ከመጀመሪያ ጀምረው ቀስ ብለው አቀኑለት። እኛን አልገረፉንም፤ እንዲያውም አላዩንም። በማግስቱ ግን ብቻችንን ጠርተው «እስቲ እርፉን ያዝ» አሉን። ያዝነው። ማረሻው ከአፈሩ ወጥቶ በላይ በላዩ ተንሳፈፈ፤ ከዚያም ከሥር ድንጋይ ገጠመውና እርፉ ደረታችንን መታን፤ በሬዎቹ ወደ ፈለጉበት ይዘውን ሄዱ። ከኋላችን የቀረው ትልም እንደ እባብ ይጠማዘዝ ነበር። የኔታ ትልሙን አይተው «እርሱ ግን ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ቀጥ አድርጎ ያወጣዋል፤ ሲማር ግን ማንም አልሳቀበትም» አሉን፤ እርፉንም ተቀብለውን ሥራቸውን ቀጠሉ።

ስለዚህ ያ አባት በስብሰባው ላይ ሲናገሩ እኛ አፋችን ተያዘ። መምህር ክፍሉን ትቶ ወደ እርሻ ይሂድ ማለታችን አይደለም፤ ይህን የሚያደርግ ቢኖር እኛም ከከሳሾቹ ጋር እንቆማለን። ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ ነው ያስተማረው። ነገር ግን ከወር ደመወዙ ላይ የቤት ኪራይና የእህል ዋጋ ሲነሣለት ምን እንደሚተርፈው ሳንጠይቅ ጭቃውን ብቻ መቁጠር ለእኛ ከባድ ነው። ለዚያ አባት ልንነግራቸው የሚገባን ይህን ነበር፤ አልነገርናቸውም።

የኔታ ዐረፉ። ለአርባቸው ተዝካር ወደ አገር በሄድን ጊዜ ዳዊቱ በ15ቱ ንጉሥ ተከፍሎ ለየሰዉ ሲታደል፣ ለእኛም አንድ ንጉሥ፣ ማለት ዐሥር መዝሙር ደረሰን። የበኩር ልጃቸው ዛሬ ሽበት ጣል አድርጎበታል፤ ስድስቱን ጥማድ የሚያርሰው እርሱ ነው። ከኋላችን ቆሞ ነበር። እኛም ብዙ ዘመን ከጠመኔ ጋር ኖረን ምላሳችን ሳይደነድን አልቀረም፤ በሦስተኛው መዝሙር ላይ እየቸኮልን ስናነብ በትከሻችን ላይ አንድ ሻካራ እጅ ዐረፈ።

«ወዳቂ አይደለም፤ ተነሽ ነው» አለን በዝግታ።

ደግመን ከመጀመሪያው ጀመርነው።