ከመድረክ ወደ ፊልም፤ ክርክሩን ወደ ቤታችን እናምጣው

«ዊክድ» የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ትያትር በሁለት ፊልም ተከፍሎ ከወጣ ወዲህ በተማሪዎች መካከል ብርቱ ክርክር ተነሥቷል። በስድስት ኪሎ ግቢ ብቻ ሳይኾን፣ ከመካከላችን ብዙዎች በሚኖሩባት በሳሊተ ምሕረትም ማታ ማታ ሌላ ወሬ የለም። አንዱ ወገን «ፊልሙ ትያትሩን ገደለው» ይላል፤ ሌላው «አዳነው እንጂ» ብሎ ይመልሳል። ክርክር ለተማሪ ምግቡ ነውና አንነቅፈውም። የሚያስገርመን ግን ከተከራካሪዎቹ መካከል ትያትሩን በመድረክ ላይ ያየ አንድ ሰው እንኳ አለመገኘቱ ነው። ስለ ዋናው የምናውቀው ዘፈኖቹን ከመስማት ብቻ ነው።

ትያትሩ በኒው ዮርክ ብሮድዌይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ዜማውንና ግጥሙን ስቲቨን ሽዋርትስ ደረሰ፤ የትያትሩን ድርሰት ዊኒ ሆልዝማን ከግሪጎሪ ማጓየር ልብ ወለድ ወስዳ ጻፈችው። በጆን ቹ አዘጋጅነት የተሠራው ፊልም የመጀመሪያ ክፍሉ በ2024፣ ሁለተኛው በዓመቱ በ2025 ወጣ። ትያትሩ ዕረፍቱ ተጨምሮበት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፤ ፊልሙ ግን ለመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወስዷል።

ነቃፊዎቹ እውነት አላቸው። የመድረኩ ተመልካች ሩብ ሰዓት ያህል አርፎ የሚመለስበትን ዕረፍት ፊልሙ ዓመት አደረገው። ይልቁንም ኤልፋባ ወደ አየር የምትነሣበት ዘፈን ተጎድቷል። በመድረክ ላይ ተዋናይቱን የሚያነሣት በጨለማና በጢስ የተሸፈነ ማንሻ ነው። ተመልካቹ ይህን እያወቀ ያምናል፤ የትያትር ምሥጢሩም ይኸው ነው። በፊልሙ ዘፈኑ በሩጫና በግርግር እየተቋረጠ ይሄዳል፤ ካሜራው ሁሉን ማሳየት ስለሚችል ለተመልካቹ ልቡና የተረፈለት ሥራ የለም።

ደጋፊዎቹም ቢኾኑ እውነት አላቸው። በታሪኩ ውስጥ ዶክተር ዲላመንድ የሚባል በዩኒቨርስቲ የሚያስተምር ፍየል አለ። እንስሳት ንግግርና ሥራ እየተከለከሉ መምጣታቸውን በመድረክ ላይ ለአንዲት ተማሪ በክፍሉ ውስጥ በዘፈን ይነግራታል። ፊልሙ ግን በሌሊት ወደ ቤቱ ወስዶ በፍርሃት የተሰበሰቡትን እንስሳት ያሳየናል። ኋላ መምህሩ ከክፍሉ ተይዞ ሲወሰድ ተማሪው ሁሉ ተቀምጦ ያያል። «መምህሩ ሲወሰድ ተማሪው ምን ያደርጋል?» የሚለውን ጥያቄ ፊልሙ ከመድረኩ ይልቅ አጉልቶታል። ይህ ጥያቄ የአንድ አገር ተማሪ ብቻ አይደለም።

ታዲያ በምን እንፍረድ? እኛ እንደምናስበው ፊልም ትርጉም ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ሐምሌትን» ወደ አማርኛ ሲያመጣ ቃል በቃል ቢቆጥር ኖሮ ማንም ባላደመጠው ነበር። ስለዚህ የሚጠየቀው ስንት ዘፈን ተቆረጠ ሳይኾን የሥራው ጥያቄ ቀረ ወይስ ዳነ ነው።

የቆየ ምሳሌ እናቅርብ። «ዘ ሳውንድ ኦቭ ሚውዚክ» በመድረክ የታየው እ.ኤ.አ. በ1959፣ በፊልም በ1965 ነው። የግጥሙ ደራሲ ሐመርስታይን በ1960 ስለ ሞተ ለፊልሙ የተጨመሩትን ሁለት ዘፈኖች ከነግጥማቸው ሮጀርስ ብቻውን ጻፋቸው። በመድረክ ላይ ማርያ ከገዳሙ እመ ምኔት ጋር የምትዘፍነውን አንዱን ዘፈን ፊልሙ ወደ ነጎድጓዱ ሌሊት አዛውሮ ለፈሩት ልጆች ማጽናኛ አደረገው። ይህ ለውጥ ሥራውን አሻሻለው እንጂ አልጎዳውም። ነገር ግን ፊልሙ ሌላ ዘፈን ቆረጠ፤ ይኸውም የካፒቴኑ እጮኛና ወዳጁ «ለናዚዎች ጎንበስ ብለህ እለፍ» እያሉ የሚመክሩበት ነው። በመድረክ ላይ ካፒቴኑ ከእጮኛው የሚለየው በዚህ የአቋም ልዩነት ነው፤ በፊልሙ ግን መለያየታቸው የፍቅር ጉዳይ ብቻ ኾነ። የተመቻቸ ኑሮ ያለው ሰው በክፉ ቀን ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ደበዘዘ። በዚህ ሚዛን «ዊክድ» በበረራው ቢወድቅም በመምህሩ ነገር አልፏል እንላለን።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ይህን ሁሉ ማመዛዘን የቻልነው አሜሪካኖቹ ሥራቸውን ስላስቀመጡልን ነው። ዜማው በኖታ ተጽፏል፤ ዘፈኑ በሸክላ ተቀርጿል። የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከ1970 ጀምሮ ትያትሮችን በመድረክ ላይ እንዳሉ እያስቀረጸ ለተመራማሪ ያስቀምጣል።

የእኛስ? ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ቅኔን፣ ዜማንና ትያትርን አዋሕዶ ያስተማረ ሰው ነው። የዩኒቨርስቲያችን የትያትር ጥበባት ትምህርት ቤትም በስሙ ተጠርቷል። የአገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተቋቁሞ ዘፈንን፣ ውዝዋዜንና ድራማን በአንድ መድረክ ሲያሳይ ኖሯል። ብሔራዊ ትያትር በ1948 ዓ.ም. በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ። ነገር ግን ከመካከላችን ከዮፍታሔ ትያትሮች አንዱን ዜማ ማንጎራጎር የሚችል ስንት ነው? ስለ ኤልፋባ ሌሊቱን የሚሟገት ተማሪ ስለ «አፋጀሽኝ» ቢጠየቅ ምን ይመልሳል?

«ፊልም ገንዘብ ይፈልጋል፤ እኛ ድኾች ነን» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ትልቅ ፊልም ትልቅ ገንዘብ ይፈልጋል። መቅረጽ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ዛሬ በየኪሳችን ካሜራ አለ። ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በግቢያችን የሚታይ ማንኛውም ትያትር በደራሲውና በተዋንያኑ ፈቃድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ካሜራ ተቀርጾ በኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከአንጋፋ ተዋንያንና ሙዚቀኞች ዘንድ እየሄዱ ያልተጻፉትን የትያትር ዜማዎች በኖታ ይጻፉ፤ ዕድሜ አይጠብቅምና ይህ ከሁሉ ይቅደም። ሦስተኛ፣ ማኅበራችን በየዓመቱ አንድ የአማርኛ ትያትር መርጦ «ይህ ፊልም ቢኾን ምኑ ይቆረጥ፣ ምኑ ይዳን?» የሚል ክርክር በአዳራሽ ያዘጋጅ፤ መምህራኖቻችንም ዳኛ ይኹኑልን።

የሰው ወርቅ አያደምቅም። ስለ ሰው ወርቅ መከራከር የተማርንበት ትምህርት ቤት ነው፤ ተምረን ስናበቃ ግን የራሳችንን ወርቅ ከአፈር እናውጣ። አለዚያ ከኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ስለ እኛ ትያትር የሚከራከሩበት ነገር ቀርቶ የሚያስታውሱት እንኳ አያገኙም።